ከአሥራ አንድ አንጓ ስምንቱ

ሐሙስ፣ ጥር 18 ቀን 1970 ዓ.ም.፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ። ጉለሌ ውስጥ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው በላይ ባለው መንደር፣ በወይዘሮ ሠርካዲስ ማድ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ የቀርከሃ ምርኩዝ ተደግፏል። ርዝመቱ ሦስት ሜትር ከዘጠና ነው፤ አሥራ አንድ አንጓ አለው። ቀርከሃ ሰው ተንጠልጥሎበት ሲጎብጥ በቁመቱ እንዳይሰነጠቅ፣ አሮጌ ካላማዳሪያ፣ የመኪና የውስጥ ጎማ፣ እንደ ጠፍር እየተቀደደ በየአንጓው ይታሰርበታል። ስምንቱ ታስረዋል፤ ሦስቱ ቀርተዋል። ሲያስር የነበረው ልጃቸው፣ የሃያ ዓመቱ ዳኜ ዋቅቶላ፣ ጎማው አላዳርስ አለውና ተነሣ። ሦስቱ አንጓዎች እስከ ዛሬ አልታሰሩም።

ምርኩዙ የሚያስፈልገው ለቅዳሜ ነበር። ቅዳሜ፣ ጥር 20 ቀን፣ አንድ የጦር ሠራዊት ስፖርት ክበብ ምርኩዝ ዘላይ ይመርጣል። ሦስት ሜትር ከሃያ የዘለለ ካምፕ ገብቶ ይኖራል፤ አልጋ፣ ቱታና መታወቂያ ይሰጠዋል። ያን መታወቂያ የያዘ ልጅ ላይ የቀበሌ ጥበቃ ያለ ካምፑ አዛዥ ፈቃድ እጁን አያሳርፍም። በዚያ ዓመት ጉለሌ ውስጥ ለሃያ ዓመት ወንድ ሌላ መደበቂያ አልነበረም። አጎት ቤት የተደበቁ፣ ኮርኒስ ውስጥ የተኙ፣ ወደ ገጠር ሊሻገሩ የሞከሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹ ደረታቸው ላይ ወረቀት ተለጥፎ ጧት መንገድ ዳር ተገኝተዋል። ለዳኜ የቀረችለት ያቺ ሦስት ሜትር ከሃያ ነበረች።

ነገሩ ሲጀመር ግን ጨዋታ ነበር። በ1969 ክረምት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ቤት በተቀመጠበት ጊዜ፣ የመሰንጠቂያው ዘበኛ ጋሽ ቦጋለ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ሲያይ ያዙት። ጋሽ ቦጋለ ድሮ በክቡር ዘበኛ ሳሉ ምርኩዝ ዘላይ ነበሩ። ዘመኑ ሲገለበጥ ማዕረጋቸውም ቱታቸውም ቀርቶ መሰንጠቂያው በር ላይ ቆመጥ ይዘው ተቀመጡ። ሰጋቱራው ግን አላስቀምጥ አላቸው። ይህን ያህል ሰጋቱራ ተከምሮ እንዴት አንድም ሰው አይወድቅበትም አሉና፣ ከግቢው ጀርባ ጉድጓድ ቆፍረው ሞሉት። ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ አቁመው በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ ሚስማር መቱባቸው፤ በሚስማሮቹ ላይ ሸምበቆ አጋደሙ። ከሸምበቆው ሥር፣ የምርኩዙ ጫፍ የሚሰካበትን ሳጥን መሬት ውስጥ በጣውላ ሠሩ።

"ና፣ አንተ ረጅም!" አሉት። "አጥር ላይ ከምትሰቀል እዚህ ተሰቀል።"

እህቱ ደሳለች በሰባት ዓመት ትበልጠዋለች። ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንታ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። አንድ ቅዳሜ ምሳውን ልታደርስለት መጥታ በዚያው ሥራ ተሰጣት። የጀማሪ ምርኩዝ ዘላይ ትልቁ በሽታ እግሩ ላይ ነው። ከመሬት ሲነሣ ግራ እግሩ ከላይኛው እጁ ትክክል ሥር ከረገጠ፣ ምርኩዙ ይሸከመዋል። አልፎ ወደ ሳጥኑ ከገባ ግን ምርኩዙ ትከሻውን ወደ ኋላ መንጭቆ ይጥለዋል። ዘላዩ ራሱ ይህን አያይም። ስለዚህ ከጎን አጎንብሶ እግሩ የት እንዳረፈ የሚነግረው ሰው ያስፈልጋል፤ ያም ሰው ለዘላዩ የሚያዝን መሆን የለበትም።

"ገባሁ?" ይላል ዳኜ፣ ከአፉ ሰጋቱራ እየተፋ።

"ገብተሃል።"

"በስንት?"

"በስምንት ሴንቲ ሜትር።"

"እታለም፣ አንድ ቀን እንኳ አምስት ብትይኝ ምን ትሆኛለሽ?"

"ስምንት ነዋ!"

ጋሽ ቦጋለ ይስቁ ነበር። "ወይ ጴንጤ! አትጠጡ፣ አታጨሱ፣ አትዋሹ። እኔ ስንት ዓመት ጾሜ ስለ እግሬ መዋሸት አልተውኩም። አንተ ልጅ፣ አሠልጣኝ ሁሉ ይዋሽሃል፤ እሷን ስማ።"

እውነታቸውን ነው። የልጆቹ አባት አቶ ዋቅቶላ ከወለጋ መጥተው በሚስዮን ክሊኒክ ድሬሰር ሆነው የኖሩ ሰው ነበሩ። በሳቸው ቤት "አባዬ የለም በሉ" የሚባል ነገር አይታወቅም። ደክሟቸው እንግዳ በር ሲያንኳኳ ልጆቹ "አሉ፤ ግን ሊያነጋግሩዎት አይፈልጉም" ብለው ይመልሱ ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላም ቤቱ በዚሁ ቀጠለ። ሠፈር ውስጥ ዕቃ ሲጠፋ፣ ልጅ ሲደባደብ፣ ደሳለችን ጠርተው ይጠይቃሉ፤ እሷ ያለችው ይጸናል። ከዳኜ ጋር አንድ ወንበር ላይ የተማረው ይገዙ በልጅነቱ የጎረቤት መስኮት ሰብሮ በእሷ ቃል ተገርፏል። በ1969 ይገዙ የአብዮት ጥበቃ ሆኖ ጠመንጃ ተሸከመ።

ዳኜ ጎበዝ ነበር፤ ችኩልም ነበር። ጋሽ ቦጋለ ከስድስት እግር፣ ማለት ከስድስት እርምጃ፣ እንዲንደረደር ሲነግሩት እሱ ከአሥራ ስድስት ይነሣል። ፍጥነቱ ሲጨምር እጁ ይዘገያል፤ እጁ ሲዘገይ እግሩ ይገባል። በጥቅምት ወር አንድ ምርኩዝ መሐል ላይ ተሰንጥቆ ስንጣሪው ጭኑ ውስጥ አንድ ጣት ያህል ገባ። ጋሽ ቦጋለ በጉጠት ሲነቅሉለት፣ "ስድስት እግር ብዬህ ነበር" አሉት። "እሺ" አለ። በሳምንቱ ከአሥራ ስድስት ተነሣ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 14 ቀን፣ አሰሳ መጣ። ይገዙና ሁለት ጓዶቹ ፍራሹን በሳንጃ ቀደዱ፣ የአቶ ዋቅቶላን የመድኃኒት ሣጥን ወለሉ ላይ ገለበጡ፣ ከዚያ ኮርኒሱ ሥር የተጋደመውን ምርኩዝ አዩ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ምርኩዝ ነው" አለ ዳኜ።

"ባለ አራት ሜትር ሽማግሌ አላችሁ እንዴ?" ጓዶቹ ሳቁ።

"የዝላይ ነው። ስዘል አይተኸኛል፣ ይገዙ።"

"የማንን አጥር ልትዘል ነው?"

መልስ አልጠበቀም። በሰደፍ አፉን መታው። ዳኜ ሁለት ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፋ። ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ "አንተ ይገዙ! ከእጄ በልተህ ያደግህ ልጅ!" ብለው ተነሡ። ይገዙ ጠመንጃውን ደረታቸው ላይ አድርጎ፣ "እማማ ሠርካዲስ፣ ይቀመጡ" አላቸው፤ ጎረቤት ወንበር ሲያቀርብ እንደሚለው፣ በትሕትና።

ዳኜን ወሰዱት፤ ምርኩዙንም ወሰዱ። በቀበሌው አዳራሽ ምርኩዙን በመጋዝ ለሁለት ቆረጡት። ዳኜን እጁን ከጉልበቱ ጋር አስረው፣ ግማሹን ምርኩዝ ከጉልበቱ ሥር አሳልፈው በሁለት ጠረጴዛ መካከል ቁልቁል ሰቀሉት። ወፌ ላላ ይሉታል። ጭንቅላቱ ወደ ታች፣ ውስጥ እግሩ ወደ ላይ ሆኖ በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉት። ስም ስጥ አሉት። የሚያውቀው ስም የጋሽ ቦጋለን ነበር፤ እሱንም አልሰጠም። አንድ ቀን ጠዋት እጅ ሲያጥራቸው አብሮት የታሰረ ሰው እንዲገርፈው አደረጉ፤ ያ ሰው እያለቀሰ ገረፈው፤ ቀስ ብሎ ስለመታ እሱም ተሰቀለ።

በዘጠነኛው ቀን፣ አርብ ኅዳር 23፣ ስሙ ከዝርዝሩ ሳይፋቅ፣ በየሳምንቱ ቀርቦ እንዲፈርም ታዝዞ ተለቀቀ። ጋሽ ቦጋለ በመሰንጠቂያው የእጅ ጋሪ ጭነው አመጡት። ደሳለች በጨው ውኃ እግሩን አጠበችው። የግራው ውስጥ እግር ከተረከዙ እስከ አውራ ጣቱ ተተርትሮ ነበር፤ ከጨርቁ ጋር ሥጋ ይመጣል። ዳኜ ትራሱን ነክሶ ቆየና አንድ ጊዜ ተናገረ።

"ሲሰቅሉኝ ትንሽ ጎበጠ እንጂ አልተሰነጠቀም" አለ። "ጥሩ ቀርከሃ ነበር።"

የክበቡን ምርጫ ወሬ ያመጡት ጋሽ ቦጋለ ናቸው። በታኅሣሥ መጀመሪያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ጥር 20፣ ሦስት ሜትር ከሃያ። ትዘላለህ?"

"መቆም አልችልም እኮ፣ ጋሽ ቦጋለ።"

"ቁም አላልኩህም። ዝለል ነው ያልኩህ።"

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ጫማው ውስጥ ጥጥ ጠቅጥቆ፣ ጋሽ ቦጋለ በሰጡት ሌላ ምርኩዝ ልምምድ ጀመረ። ከአሥራ ስድስት እግር መንደርደር ቀርቶ መራመድም ያስቃስተው ነበር። ሳይወድ በግዱ ከሦስት፣ ቀጥሎ ከስድስት ተነሣ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባው። ከስድስት እግር ሲነሡ የሚሸሸጉበት ፍጥነት የለም። ሦስት እግር ሲቀረው ቀኝ እጁ ከወገቡ ይነሣል፤ አንድ ሲቀረው ከጆሮው ያልፋል፤ እግሩ መሬቱን ሲረግጥ ሁለቱም ክንዶቹ ከራሱ በላይ ተዘርግተው ምርኩዙ ሳጥኑን ነክቷል። የቆሰለው ግራ እግሩ መሬት ላይ መቆየት ስለማይችል ረግጦ ወዲያው ይለቃል። ጋሽ ቦጋለ ስድስት ወር የጮኹበትን ቁስሉ በአሥር ቀን አስተማረው። ከእያንዳንዱ ዝላይ በኋላ ሰጋቱራው ላይ ደም ይቀራል።

"ገባሁ?"

"አልገባህም።"

"እንዳትዋሺኝ።"

ደሳለች ቀና ብላ አየችው። ዳኜ በጎደሉት ጥርሶቹ ሳቀ፤ ኅዳር ካለፈ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር።

ሰጋቱራው ግን ይጎድል ጀመር። የቀበሌው ጥበቃዎች ማዳበሪያ ይዘው እየመጡ ይዝቁ ነበር፤ ለአዳራሹ ወለልና ለመኪናው ጭነት ቦታ፣ ደም እንዲመጥጥላቸው። አንድ ቀን ይገዙ ራሱ መጣና ጉድጓዱ ዳር ቆሞ ሲዘል አየው። ሁለት ሜትር ከሰማንያ ነበር፤ ሸምበቆው አልተነካም።

"አሁንም አጥር?" አለ ይገዙ።

ይገዙ ማዳበሪያውን ከዘላዩ እግር ሥር ሞልቶ ሄደ። ጋሽ ቦጋለ ጉድጓዱን መልሰው በአካፋ ሞሉት።

ጥር 9 ቀን ሦስት ሜትር ዘለለ። ማክሰኞ፣ ጥር 16 ቀን፣ እግሩ ጠንከር ስላለ ጋሽ ቦጋለ ስምንት እግር ፈቀዱለት፤ ሸምበቆውን ሦስት ሜትር ከሃያ ሚስማር ላይ ሰቀሉ። ሁለቴ ጣለው። በሦስተኛው ደሳለች ክንዱ ተዘርግቶ፣ እግሩ ከእጁ ሥር ልክ ሲረግጥ አየች። ወገቡ እንደ በር ማጠፊያ ዞረ፤ እግሮቹ ከራሱ በላይ ሄዱ፤ ሆዱ ወደ ሸምበቆው ተገለበጠና እጁ ምርኩዙን ገፍቶ ለቀቀው። ሰጋቱራው ላይ በጀርባው ሲወድቅ ሸምበቆው ከላዩ ነበር፤ ሳይንቀሳቀስ። ምርኩዙ ግን ሲወድቅ ከሳጥኑ ጣውላ ጋር ተላትሞ ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ።

"ይሰንጠቅ!" አሉ ጋሽ ቦጋለ። ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። "ሌላ አለኝ። እስከ ቅዳሜ እሰርና አምጣው።"

ረቡዕ፣ ጥር 17 ቀን፣ ከቀትር በኋላ የቀበሌው ሹም ከቤቱ በር ላይ በሁለት ሰዎች በጥይት ተገደለ። ሐሙስ ጧት ጥበቃዎቹ ዝርዝር ይዘው ወጡ፤ ከዚህ በፊት የታሰረ ሁሉ ስሙ ነበረበት።

ዳኜ ሦስት ሰዓት ላይ ጓሮ ቁጭ ብሎ ስምንተኛውን አንጓ ሲያስር እናቱ ከማድ ቤት ተጣሩ።

"ዳኙ፣ ያን ዱቄት አምጣልኝ እንጂ! ትናንት መብራት ጠፍቶ ወፍጮ ቤት አደረ።"

"ይቺን ልጨርስ፣ እማዬ።"

"ይኼ ዱላ እንጀራ ይሆነኛል?"

"ቅዳሜ ይሆንሻል።"

ጎማው ማለቁን አይቶ ተነሣ። ደሳለች ያን ቀን ፈቃድ ወስዳ ፊት ለፊት በር ላይ ልብስ ታጥብ ነበር። ሲያልፍ፣ "ከወፍጮ ቤት ጌጡ ጋ አልፋለሁ፤ ጎማ ጎድሎኛል" አላት። ጌጡ ከመንገዱ ማዶ ያለው ጎሚስታ ነው።

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ይገዙ ከሁለት ጓዶቹ ጋር መጣ።

"እንደምን አደርሽ፣ ደሳለች።"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ዳኜ አለ?"

"የለም።"

"የት ሄደ?"

"አላውቅም" ማለት ትችል ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። ግን በሕይወቷ ብላው አታውቅም። ደግሞ በኅዳር የተለቀቀው የሚደብቀው ስላልነበረ ነው ብላ ታምን ነበር፤ የሚሸሽ ነው የሚገደለው፣ ያልሸሸ ተጠይቆ ይመለሳል ብላ ታስብ ነበር።

"ወፍጮ ቤት" አለች። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት ጨመረች። "ከዚያ ጌጡ ጎሚስታ ጋ ያልፋል። ሦስት አንጓ ቀርቶታል።"

ይገዙ ወደ ጓዶቹ ዞረ። "ይቺን ቤት የምወዳት ለዚህ ነው" አለ። "አሰሳ አያስፈልጋትም።"

ወፍጮ ቤት አላገኙትም። ጌጡ ጋ አገኙት፤ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቆረጡ ሦስት ጠፍሮች ይዞ ቆሟል። ይገዙ በሰደፍ ጉልበቱን ከኋላ መታው፤ ወደቀ። ጓዶቹ ጀርባው ላይ ቆሙ።

"ቅዳሜ ፈተና አለብኝ፣ ይገዙ" አለ ፊቱ አቧራ ላይ ሆኖ።

"ቀድመን እንፈትንሃለን።"

"እዚህ መሆኔን ማን ነገረህ?"

"ማን ይመስልሃል?"

እጁን የኋሊት በያዛቸው ሦስት ጠፍሮች አሰሩት። ጌጡ ይህን ለደሳለች የነገራት ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1984 ነው። እስከዚያ ድረስ ስትጠይቀው፣ "ምንም አላለም" ይላት ነበር።

ቅዳሜ ጧት ወደ ሸጎሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ከሌሎች አራት ጋር ተገኘ። ደረቱ ላይ ሦስት ጥይት፣ ጆሮው ሥር አንድ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ደሳለች አነበበችው፤ ውሸት ነበር። እጁ በካላማዳሪያው እንደታሰረ ነው፤ ሦስቱም ጠፍሮች ነበሩ፣ ቆጠረቻቸው። ወይዘሮ ሠርካዲስ ሊያለቅሱ አፋቸውን ሲከፍቱ አንዱ ጥበቃ በጥፊ መታቸው፤ ማልቀስ ክልክል ነበር። ጫማው ስላልነበረ የግራው ውስጥ እግር ይታይ ነበር። ድኗል ማለት ይቻላል፤ አዲስ ቆዳ አውጥቶ ነበር።

በዚያው ቀን በአራት ሰዓት ካምፑ ውስጥ ስሙ ሁለት ጊዜ ተጠራ። ጋሽ ቦጋለ ስምንት አንጓ የታሰረውን ምርኩዝ ይዘው ቆመው ነበር።

"ሞቷል" አሉ።

ጸሐፊው ከስሙ ትይዩ "ቀሪ" ብሎ ጻፈ።

"ቀሪ አይደለም፤ ሞቷል ነው የምልህ።"

"አባት፣ ለሱ ቦታ የለውም" አለ ጸሐፊው፣ ወረቀቱን እያሳያቸው። ጋሽ ቦጋለ ምርኩዙን ይዘው በእግራቸው ጉለሌ ተመለሱ፤ ማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ መልሰው ደገፉት።

በየካቲት ይገዙ እንደገና መጣ። የጎረቤታቸውን ልጅ ጸሐይን ፈልጎ ነበር። ጸሐይ የዚያን ሰዓት በወይዘሮ ሠርካዲስ ማድ ቤት፣ ከማገዶው ክምር ጀርባ፣ አፏን በነጠላዋ አፍና ተቀምጣለች።

"ጸሐይን አይተሻታል?"

"አላየሁም" አለች ደሳለች፣ ዓይኑን እያየች።

"የት ትሄዳለች?"

"አላውቅም።"

ይገዙ አመናት። ማድ ቤቱን ሳያይ ሄደ። ጸሐይ በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ ወጣች፤ ዛሬ የልጅ ልጆች አሏት።

ያን ሐሙስ ግን፣ ደሳለች ፊት ለፊት በር ላይ ከይገዙ ጋር ስትነጋገር፣ ማድ ቤት ውስጥ ዳኜን ሲገባ የሚያይ ሰው አልነበረም፤ ወይዘሮ ሠርካዲስ ጓዳ ገብተው ነበር። ዳኜ በዚያችው ሰዓት ከወፍጮ ቤት በወንዙ በኩል አቋርጦ መጥቷል፤ አጥሩ በዚያ በኩል ክፍት ነው፤ በዚያው ወጥቶ ወደ ጌጡ ሄዷል። ወይዘሮ ሠርካዲስ ወደ አምስት ሰዓት ማድ ቤት ሲገቡ ዱቄቱን አገኙት። እርጥበት እንዳይነካው ሁለት ድንጋይ ላይ ጣውላ አጋድሞ አስቀምጦታል። የከረጢቱን አፍ ኪሱ ውስጥ በቀረች አንዲት የካላማዳሪያ ቁራጭ፣ ምርኩዙን በሚያስርበት ቋጠሮ፣ ሁለት ጊዜ አዙሮ አስሮታል። ዱቄቱ አሥራ ሁለት ኪሎ ነበር፤ አልፈሰሰም።